ዎፋ አምፖፎ ኅብለ ሰረሰር ሲያወጡ

ዎፋ አምፖፎ መቆንጠጫውን በግራ እጃቸው ዘረጉላት፤ አቺያም ሳትቀበል ቆመች።

ልጅ ሳለች በግራ እጇ የተቀበለችውን ሁሉ እናቷ አስመልሳ በቀኟ ታስቀብላት ነበር። ኩማሲ ከተማ ውስጥ በግራ እጅ መንገድ እንኳ አይጠቆምም። ልጅ ቢሳሳት እጁን መታ ተደርጎ ያልፋል። የስድሳ ዓመት ሰው ግን በዚህ አይሳሳትም። ስለዚህ አቺያ ሆን ተብሎ የተሰነዘረ ስድብ መሰላት፤ ያውም በመጀመሪያ የሥራ ቀኗ።

«ያዢው እንጂ!» አሉ ዎፋ አምፖፎ።

 የአቺያ ዓይን መቆንጠጫው ላይ ቀረ።

ዎፋ ደግሞ አስከሬኑን ፈርታ መሰላቸው። ረጅሙ የብረት ጠረጴዛ ላይ በደረታቸው ወደተኙት ሟች በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «አይዞሽ፣ ናናን አትፍሪያቸው» አሉ፤ ናና ማለት አያት ነው። «ካረፉ ሁለት ዓመት ሞላቸው። ከእንግዲህ ሰው መንከስ አይጀምሩም።»

አቺያ በቀኝ እጇ ተቀበለች። አመሰገነችም፤ ግን ምስጋናዋ ከከንፈሯ አልፎ ማንም ጆሮ አልደረሰም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የብሔራዊ አገልግሎት ዓመቷን እንድትሠራ የተመደበችው እዚህ፣ በሕክምና ትምህርት ቤቱ የአናቶሚ አዳራሽ ነው። ምድቡን ስታይ ደስ ብሏት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ልትፈተን አስባለች፤ ከዎፋ አምፖፎ ጋር አንድ ዓመት መሥራት ደግሞ ብዙ መጻሕፍት ከማንበብ ይበልጣል ሲባል ሰምታለች። ሰውየው ዶክተር አይደሉም። አዳራሹን ለማጽዳት ተቀጥረው የገቡ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያዩና እየሞከሩ የተማሩ ሰው ናቸው። በዚያ አገር ግን ዛሬ ቀዶ ጥገና ከሚሠሩት ሐኪሞች ግማሾቹ ነርቭ ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያዩት በእሳቸው ጣት ጫፍ ላይ ነው። ተማሪው ሁሉ «ዎፋ» ይላቸዋል፤ የእናቴ ወንድም ማለት ነው። ፕሮፌሰሮቹም ቢሆኑ ሌላ ስማቸውን የሚያስታውሱ አይመስሉም።

ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩን ለኒያርኮ አጫወተችው። ኒያርኮም እንደ እሷ አገልግሎት ላይ ያለ ልጅ ነው፤ የሚሠራው በጎን ባለው ላቦራቶሪ ነው።

«በግራ?» አለ ኒያርኮ። «እኛ መንደር ቢሆን በግ ያሳርዳል።»

«ረስተው ይሆናል።»

«ሰው ስሙን ይረሳል እንጂ ቀኙን ይረሳል? ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ምንም።»

«እሱ ነዋ ጥፋቱ! አንቺ እኮ ሰላም ስትይ የሚሰማሽ ጉንዳን ብቻ ነው። ሽማግሌው ሰላም ሳትለኝ ገባች ብለው ይዘውብሻል።»

አቺያ ይህን ስታብሰለስል ዋለች። እውነት ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ቆማ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው «አጎ!» ብላ ጮኸች። ድምፁ ከራሷ መውጣቱ ደነቃት።

«አሜ!» አሉ ዎፋ ከውስጥ፣ ደስ ብሏቸው። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ! ናናም ሰምተውሻል።»

ከዚያም መሮውን አቀበሏት። በግራ እጃቸው።

የተያዘው ሥራ እንዲህ ነው። ዎፋ በሁለት ወር ውስጥ ጡረታ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ለትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ትተው መሄድ ፈልገዋል፦ የአንድ ሰው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር፣ ከነሥሮቹ፣ የትም ቦታ ሳይበጠስ፣ አንድ ወጥ ሆኖ። ለዚህ ከወገብ ተነስቶ እስከ ራስ ቅል ድረስ የአከርካሪው አጥንቶች በጀርባ በኩል አንድ በአንድ መከፈት አለባቸው። አጥንቱ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ በፎርማሊን ጠንክሮ እንኳ ከተቀቀለ ድንች አይበረታም። አንድ የተሳሳተ ምት የሁለት ሳምንት ልፋት ያጠፋል።

ሥራው ከታች ተጀመረ። አቺያ ወገብ ላይ ሁለት አጥንት እንድትከፍት ተፈቀደላት፤ ሲነሱ ከሥር የተገለጠውን ጠንካራ ሽፋን ዎፋ በመቀስ ሰነጠቁት። አቺያ ጎንበስ አለች። መጽሐፍ ላይ መቶ ጊዜ አይታዋለች። መጽሐፉ ግን እንዲህ ረጋ ያለ ነገር መሆኑን አልነገራትም። ኅብለ ሰረሰሩ ወገብ ላይ ሲደርስ ሾጥጦ ያልቃል፤ ከዚያ በታች የሚወርደው የፈረስ ጭራ የመሰለ የነርቭ ሥር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ክር መውጫ ቀዳዳውን ይዞ ይጠብቃል።

«ስንት ጥንድ?» አሉ ዎፋ።

«ሠላሳ አንድ።»

«ውፍረቱስ? አትንገሪኝ፣ ጣትሽን አስጠጊው።»

ትንሿን ጣቷን አስጠጋች። ከእሷ እምብዛም አይበልጥም።

«ርዝመቱ አንድ ክንድ አይሞላም» አሉ ዎፋ። «ይቺን የምታህል ነገር ናት። ናና የተራመዱት፣ የጨፈሩት፣ ሚስታቸውን ያቀፉት፣ ሙቅ ውሃ ያቃጠላቸው፣ ሁሉም በዚች አለፈ። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አየኋት። ዛሬም ስከፍት ኮፍያ ባደርግ አወልቅ ነበር።»

ዎፋ ሲያስተምሩ የላቲን ስም አይወዱም። አንጎልን እንደ ቤተ መንግሥት ነው የሚያስረዱት። ጣት እሾህ ቢወጋው፣ እሾህ ወጋኝ ብሎ በቀጥታ ንጉሡ ዘንድ አይገባም፤ እንዲያ ያለ ድፍረት የለም። ወሬውን በነርቩ በኩል ለኅብለ ሰረሰር ይሰጣል፤ ኅብለ ሰረሰር ሽቅብ ይዞት ይወጣል፤ መሃል ላይ፣ በአንጎል ጥልቀት ውስጥ፣ ታላመስ የሚባል አፈ ንጉሥ ተቀምጧል። እሱ ሰምቶ፣ መዝኖ፣ አስተካክሎ ለንጉሡ ያቀርባል። ንጉሡ ላይ ላዩን ያለው የተሸበሸበው ቅርፊት ነው። ትእዛዝ ሲወርድ ደግሞ በሌላ መንገድ ይወርዳል፤ የአንጎል ግንድ ታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይሻገራል። ስለዚህ ቀኝ እጅን የሚያዝዘው የግራው አንጎል ነው። ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል የጭፈራ አለቃ ነው፤ ራሱ አይጨፍርም፣ ግን እሱ ካልቆጠረ እግር ከእግር ይጋጫል።

«እሳት ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀች አቺያ አንድ ቀን። መጠየቅ ጀምራ ነበር።

«እሳት ቢሆን የመንደሩ ሹም ንጉሥ አይጠብቅም። እጅህን አንሳ ብሎ እዚያው ኅብለ ሰረሰር ላይ ይፈርዳል። ንጉሡ ወሬውን የሚሰማው እጁ ከተነሳ በኋላ ነው። ከዚያ እኔ ነኝ ያነሳሁት ይላል።» ዎፋ ሳቁ። «ንጉሥ ነዋ።»

በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን አቺያ ሌላም ነገር ማየት ጀመረች። ዎፋ የሥራ ካፖርታቸውን አዝራር አንድ ቀዳዳ አዛንፈው ይቆልፋሉ፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይቆልፉትም። ስስ ሥራ ሲመጣ፣ «ያንቺ ዓይን ወጣት ነው» እያሉ ለእሷ ይለቁላታል። በቀኝ አመልካች ጣታቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ነበር፤ ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው ራሳቸውም አሁን ገና እንዳዩት ሁሉ ገልብጠው አዩትና፣ «ማንቆርቆሪያ ይሆናል» አሉ። አዳራሹ መግቢያ ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ ግድግዳውን ይይዛሉ፤ ቀኝ እግራቸው ደረጃውን ሲለቅ ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ይመስላል።

አርብ ዕለት ሦስቱም ማሜ ፎሪዋ ዘንድ ለምሳ ተቀመጡ። ማሜ ፎሪዋ ከአጥሩ ውጭ ከዛፍ ሥር ምግብ ትሸጣለች። ፉፉው፣ በእጅ የሚበላው የተወቀጠ ገንፎ፣ በሾርባው ላይ ተንሳፍፎ መጣ፤ አቺያና ኒያርኮ ቀኝ እጃቸውን ታጠቡ። ዎፋ ማንኪያ ጠየቁ።

ማሜ ፎሪዋ ጭልፋዋን አስቀመጠች። «ምን አሉ?»

«ማንኪያ አልኩ።»

«ፉፉ በማንኪያ! ዎፋ፣ እኔ ሳላውቅ ለንደን ሄደው ነበር እንዴ?»

«ሾርባሽ ያቃጥላል።»

«ሾርባዬ ሃያ ዓመት ሲያቃጥል ነው የኖረው! ማንኪያ የሚፈልግ ሩዝ ይብላ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ኒያርኮ ከሁሉም በላይ። ዎፋም አብረው ሳቁ። አቺያ ግን ቀኝ እጃቸውን እያየች ነበር። ጭናቸው ላይ ተቀምጧል፤ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ የሌላ ሰው አደራ ይመስላል። ማንኪያው ሲመጣ በቀኛቸው ያዙት፣ ሁለት ጊዜ ጎረሱ፣ ሦስተኛው ላይ ማንኪያው ተንሸራቶ ሾርባው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ጠግቤያለሁ አሉ።

አቺያ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ስድብ ኖሮ አያውቅም።

ቅዳሜና እሁድ ስታስብ ከረመች። ሽማግሌ ሰውን፣ ያውም ዎፋን፣ ምን ሆነዋል ብሎ መጠየቅ ለእሷ ከባድ ነው። ግን አንድ ነገር አላስተኛትም፦ እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሺ። እግሩስ?

ሰኞ ሥራው አንገት ላይ ደረሰ። እዚያ ኅብለ ሰረሰሩ ወፈር ይላል፤ የእጅ ነርቮች የሚወጡት ከዚያ ነውና። አጥንቱም ስስና ጠባብ ነው። «ይህን እኔ ነኝ የምሠራው» አሉ ዎፋ። መሮውን በግራ፣ መዶሻውን በቀኝ ያዙ። ሁለት ጊዜ በደንብ መቱ። በሦስተኛው መዶሻው ከእጃቸው ወጥቶ ወለሉ ላይ ጮኸ።

«አመለጠኝ» አሉ።

አቺያ አነሳችላቸው። እንደገና መቱ። መሮው አጥንቱን ስቶ ሽፋኑን ሰነጠቀውና ከኅብለ ሰረሰሩ አንድ ፀጉር ሲቀረው ቆመ።

 ዎፋ መሮውን አስቀምጠው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ለመጨበጥና ለመክፈት ሞከሩ፤ ጣቶቹ ዘግይተው፣ አንዱ አንዱን እየጠበቀ ተከፈቱ።

«ዓመት ሊሞላው ነው» አሉ። «መጀመሪያ መርፌ መርፌ ይለኝ ነበር። ክሊኒክ ሄጄ የእጅ አንጓህ ነው አሉኝ፣ ከመዶሻው ብዛት። ማሰሪያ ሰጥተውኛል፣ ቤት ስገባ አስረዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን መቆንጠጫውን በግራ የሰጠሁሽ ለዚያ ነው። ቀኜ ነገር ሲይዝ መያዙን አያውቀውም። ሳትቀበይኝ ስትቀሪ ግን አስከሬን ፈርታ ነው አልኩ። ማታ ተኝቼ ነው የገባኝ። አፈርኩ። ይቅርታ እንዳልል ደግሞ ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው።»

«ምንም አይደለም ዎፋ።»

«እንዴት ምንም አይደለም? በግ እኮ ያሳርዳል።»

አቺያ ልትስቅ ነበር፤ ግን አልሳቀችም።  ፊት ለፊት መናገሩ አልሆነላትም፤ አንድ መንገድ ብቻ ነበር የሚቻላት።

«ዎፋ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት? ለመግቢያ ፈተናው።»

«ጠይቂ።»

በመቆንጠጫው ጫፍ የናናን አንገት አሳየች፣ አምስተኛውና ስድስተኛው አጥንት መሃል። «እዚህ ጋ አጥንቱ ወደ ውስጥ አድጎ ኅብለ ሰረሰሩን ቢጫነው፣ ሰውየው ምን ይሰማዋል?»

ዎፋ ጥያቄ ይወዳሉ። ጀርባቸው ቀና አለ፤ ድምፃቸውም ወደ ማስተማሪያ ድምፃቸው ተመለሰ። «በድንገት ነው ቀስ ብሎ?»

«ቀስ ብሎ። በዓመት፣ በሁለት ዓመት።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እጁ። እጅ የሚበላው ብዙ ነው፣ ቶሎ ይከፋዋል። ይደነዝዛል፣ አዝራር መቆለፍ ያቅተዋል፣ ዕቃ ይጥላል። ሕመም ላይኖረው ይችላል፤ ሰው የሚሞኘውም በዚህ ነው። ሐኪሙም ቢሆን እጁን ብቻ አይቶ የእጅ አንጓ ነው ብሎ…»

ዓይናቸው ቀኝ እጃቸው ላይ ወደቀ።

«ይቀጥሉልኝ» አለች አቺያ በጣም ዝግ ብላ።

«ከዚያ እግሩ። የእግር መንገድ በአንገት ካላለፈ በየት ያልፋል? ሁሉም በዚች ነው የሚወርደው። እግሩ ይከብደዋል፣ ይገተራል። ደረጃ ሲወጣ…» ዓይናቸው ወደ በሩ፣ ወደ ሦስቱ ደረጃዎች ሄደ። እዚያው ቀረ። 

«አንቺ ልጅ።»

«አቤት።»

«ይሄ የመግቢያ ፈተና አይደለም።»

«አይደለም ዎፋ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

 ዎፋ ጓንታቸውን አወለቁ። «ሂጂ፣ ያን የጎማ መዶሻ ከኒያርኮ አምጪ። ግምት አልወድም።»

ኒያርኮ መሳቢያውን እየከፈተ፣ «ማንን ልትመቺበት ነው?» አላት።

«ዎፋን።»

«እሰይ! በመጨረሻ ለግራ እጃቸው!»

መዶሻውን ይዛ ተመለሰች። ስትገባ ዎፋ ባዶ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠው ነበር፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለዋል። አቺያ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ቀስ ብላ መታች። እግሩ ተስፈንጥሮ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ገለበጠው።

ሁለቱም ወንበሩን አዩ።

«አላዘዝኩትም» አሉ ዎፋ። «አየሽ፣ የመንደሩ ሹም ሁልጊዜ እንዲህ መጮህ ይፈልጋል። ቤተ መንግሥቱ ነው ከላይ፣ ተው፣ ቀስ በል የሚለው። ቃሉ መንገድ ላይ ከቀረ ሹሙ እንዳሻው ይጮኻል።» ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ ግን ደግሞ ሌላ ነገርም ነበር። አቺያ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ሽፋኑን ሰንጥቀው ኅብለ ሰረሰሩን ሲገልጡ የሚያወጡት ድምፅ ነው። «እንዴት ያለ ሥራ ነው! ሲበላሽ እንኳ ደንብ አለው። አሁን የእግሬን መዳፍ።»

የመዶሻውን እጀታ ከተረከዛቸው ጀምራ በውጭው ጠርዝ በኩል ወደ ጣቶቻቸው ሳበችው።

«አውራ ጣቱ ወደ ላይ ሄደ ወደ ታች? ከዚህ አይታየኝም።»

ወደ ታች ብትል በወደደች።

«ወደ ላይ።»

ዎፋ ሱሪያቸውን አወረዱ፤ በግራ እጃቸው፣ ቀስ እያሉ።

«ዶክተር ላርዬ ጋ እንሂድ» አለች አቺያ። ይህን ያህል ቶሎ ተናግራ አታውቅም። ዶክተር ላርዬ በከተማው ትልቁ ሆስፒታል የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ነው። «አጥንቱን ከኋላ ከፍተው ቦታ ይሰጡታል። እንዲህ ከቀጠለ እግርዎ…»

«እግሬ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ላርዬንም አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን ኅብለ ሰረሰር ሲከፍት ለሁለት ቆርጦታል። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ!»

«ስንት ዓመታቸው ነበር ያኔ?»

«ሃያ አንድ።»

«አሁንስ?»

«ሃምሳ ሊሞላው ነው» አሉ፣ ሳይወዱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ስሚኝ። እኔ አርባ ሦስት አውጥቻለሁ። አሥራ አንዱን አበላሽቻለሁ፤ በደህናው እጄ። ሟች ይቅር ይላል፣ አይከስም። ሌላው ሰው አንገቱ ሲከፈት የሚሆነውን አያውቅም፣ ተኝቶ ይነሳል። እኔ አውቃለሁ። መሮው የሚያልፍበትን ስፋት አውቃለሁ። አንገቴን ማንም አይከፍተውም።»

አቺያ ልትከራከር አልቻለችም። እሷ ከመጽሐፍ ነው የምታውቀው፤ እሳቸው ከጣታቸው።

በማግስቱ ዎፋ ስለ ነገሩ ምንም አላነሱም። ወንበራቸውን ከናና ራስጌ አጠገብ አስጠጉና፣ «የቀረውን አንገት አንቺ ትከፍቺዋለሽ» አሉ። «እኔ አያለሁ።»

«እኔ? ሁለት የወገብ አጥንት ነው እኮ የከፈትኩት!»

«ሌላ ማን አለ? ናና ሲጠብቁ ሊከርሙ ነው?»

መጀመሪያ መሮው አጥንቱ ላይ ተንሸራተተባት። ዎፋ አልተቆጡም። «አትምቺው። ጠይቂው» አሉ። «አጥንቱ የት እንደሚሳሳ ራሱ ይነግርሻል። ጎንና ጎኑን ብቻ አሳሺው፣ እንደ ሣጥን ክዳን። መሮው ወደ ውስጥ እንዳያይ። ክዳኑ ሲላቀቅ ወደ ላይ አንሺ፤ አትጫኚ፣ በጭራሽ አትጫኚ።»

መዶሻውን ትታ ትንሽ የአጥንት መቁረጫ ያዘች። ፍርፋሪ በፍርፋሪ ነቀለች። አንድ አጥንት ለመክፈት ግማሽ ቀን ፈጀባት። ላብ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ዎፋ ተነስተው በፎጣ ይጠርጉላትና ተመልሰው ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ከመቁረጫው ጫፍ አይነቀልም። አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ። አቺያ የማንን አንገት እያዩ እንዳሉ ታውቃለች። ይህን ስታስብ እጇ ይበልጥ ረጋ።

ክዳኑ ተላቀቀ። አነሳችው። ከሥሩ ያለው ሽፋን ነጭና እርጥብ ሆኖ፣ ሳይጫር፣ ብርሃን መለሰ።

ዎፋ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ስንቴ ነካሽው?»

«አልነካሁትም።»

«አይቻለሁ። ላረጋግጥ ብዬ ነው» አሉ። «እኔ ብሆን አንዴ እነካው ነበር።»

የራስ ቅሉን ለመክፈት ሁለት ቀን ተጨመረ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኒያርኮን ጠርተው ሦስት ሆነው አነሱት። ኒያርኮ የጭራውን ጫፍ ያዘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልድበት አጥቷል። አቺያ መሃሉን ያዘች። ዎፋ አንጎሉን በሁለት መዳፋቸው ተቀበሉ፤ ለመያዝ ጣት አያስፈልገውም፣ መዳፍ ይበቃዋል። ነጭ ትሪ ላይ ቀስ ብሎ ተጋደመ፦ የተሸበሸበው ቅርፊት፣ ከኋላ ትንሹ አንጎል፣ ግንዱ፣ ከዚያ የአንድ ክንድ ያህል ቀጭን ኅብል፤ ግራና ቀኙ ሠላሳ አንድ ጥንድ ሥር፣ መጨረሻው የፈረስ ጭራ። የትም አልተበጠሰም። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አይበልጥም።

አቺያ አንድ ሰው እያየች መሆኑ ተሰማት። ሥጋና አጥንቱን ብቻ ትቶ የመጣ፣ ሊነሳ ትንሽ የቀረው ሰው።

«ናና፣ እናመሰግናለን» አሉ ዎፋ። ኒያርኮና አቺያም ደገሙት።

ኒያርኮ ትሪውን ይዞ ወደ ማጠቢያው ሲሄድ ዎፋ ወደ አቺያ ዞሩ። «ላርዬ ካንቺ ይሻላል?»

«ዎፋ! እኔ እኮ ገና የሕክምና ተማሪ እንኳ አይደለሁም።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«በጣም ይሻላሉ። በማጉያ መነጽር ነው የሚሠሩት፣ አጥንቱንም የሚከፍቱት በሚሽከረከር መሰርሰሪያ እንጂ በመሮ አይደለም። ደግሞ በየሳምንቱ ሲሠሩት ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል።»

«አንቺ በሦስት ቀን እንዲህ ከያዝሽው…» አሉ። የናናን ባዶ አንገት አዩ፤ የራሳቸውን አንገት በመዳፋቸው ዳሰሱ። «እግሬ ሳይያዝ ነው ማለት ነው መሄድ ያለብኝ። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ይህን ለስንት ክፍል ተማሪ አስተምሬያለሁ።»

«አዎ ዎፋ።»

«ፈራሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺም አብረሽኝ ትመጫለሽ። እሱ ፊት ቆመሽ ያየሽውን ሁሉ ትናገሪያለሽ፤ እጁን፣ ጉልበቱን፣ አውራ ጣቱን። ጮክ ብለሽ። ላርዬ ቀኝ ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል።»

ማክሰኞ ጠዋት ትሮትሮ በምትባለው ሚኒባስ ተሳፍረው ሆስፒታል ሄዱ። አቺያ ዶክተር ላርዬ ፊት ቆማ ሁሉንም ጮክ ብላ ተናገረች። የተነሳው ፎቶ አጥንቱ አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ኅብለ ሰረሰሩን እንደተጫነው አሳየ። ዶክተር ላርዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የዎፋ አምፖፎን አንገት ከኋላ ከፈተ፤ ቀዶ ጥገናው አራት ሰዓት ወሰደ፤ ዎፋም በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ።